ስለ «ያልደረቀ ልብስ» የጻፍኩት ቅኝት

አዘጋጁ ደውሎ «ሦስት መቶ ቃል» አለኝ፤
«እስከ ሐሙስ ማታ።» ሌላ አልጨመረልኝ።
ቀን ፋርማሲ ውስጥ ነኝ፣ ከሮላ አደባባይ፣
የሳል ሽሮፕ ስሸጥ፣ የሰው ጉሮሮ ሳይ፤
ማታ ማታ ደግሞ
ከመጽሔታችን ላይ በወር አንድ ገጽ አለኝ፣
ዘፋኝ አነሣበታለሁ፣ ዘፋኝ እጥልበታለሁ፣
የጣልኩትን ሰውዬ ዓርብ፣ ሻርጃ ገበያ፣
ቲማቲም ሲመርጥ አገኘዋለሁ።

ባንዱ «ሦስተኛ ፈረቃ» ነው፤ አልበሙ ሁለተኛ፤
ዘጠኝ ዘፈን፣ ግማሹ የመንገደኛ፣ ግማሹ የበሽተኛ።
ሲትራ ድምፅዋን ይዛ፣ ሙህዬ ማሲንቆ፣
ዘርጋው የጊታሩን አንገት አጥብቆ አንቆ፣
ኤቢሳ ከበሮ።
የዛሬ ሦስት ዓመት የፊተኛው ሲወጣ
ያላጨበጨበ፣ ያልጮኸ አልነበረም፤
እኔም ብሆን ጽፌያለሁ፦ «ከዚህ ወዲያ የለም።»

ከዚህ ወዲያ መጣ።

ሌሎች ቀደሙብኝ። የዱባዩ ሬዲዮ
«ማሲንቆው ለሠርግ ነው፣ ጊታሩ ለሆቴል፤
አንድ ላይ ሲሆኑ የትም አያስገቡ» ሲል፣
የኩዌቱ ሐያሲ «የፊተኛው ይሻል ነበር» ብሎ ጻፈ፤
(ያኔ «ገና ጥሬ ነው» ማለቱን ዘንግቶት አለፈ።)
ዘምዘም፣ ባለ ሳሎኗ፣ ጠጉር እየሠራች፣
«አራተኛው ላይ ስደርስ ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ» አለች።
ዘምዘምን ማን ይጠቅሳል?

እኔም ተቀመጥኩኝ፣ ማዳመጫ ሰክቼ፣
እንደ ምስር ለቃሚ እንከን አበጥሬ፣ አንጓልዬ፣ ለይቼ፦
«ግጥሙ ሰም ብቻ ነው፤ ወርቁ ወዴት ገባ?
ማሲንቆው ከጊታሩ ጋር ፈራ፣ ተባ፣ ፈራ፣ ተባ።
ሲትራ ድምፅ አላት፣ ግን ትሳቀቃለች፤
ከግድግዳው ወዲያ ሰው የተኛ ይመስል
ዝቅ ብላ ታዜማለች።
ከሁሉ የባሰው፣ ከዘጠኙም ዘፈን ሥር
የማያቋርጥ እምምታ፤ የቀረጻ ጉድለት፤
ይህን ያህል ለፍቶ ይህን አለመስማት!»
ቃሉን ቆጠርኩት፤ ሦስት መቶ ሁለት።
«ይመስለኛል»ን አወጣሁ። «እባካችሁ»ን አወጣሁ።
ላክሁት።

በወጣ በሳምንቱ፣ ልንዘጋ ስንል፣ ኤቢሳ ገባ፣
የዘበኛ ልብሱን እንደለበሰ፣
ለቀላ ዓይኑ ጠብታ ፍለጋ።
«አነበብነው» አለኝ። ድርሃሙን ቆጠረ፣ ሳንቲሙን መለሰ።
እኔ ስለ መድኃኒቱ አወራሁ፦ በቀን ሦስት ጊዜ፣
ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው።
«እኔም እኮ ቅኝት ላይ ነኝ» አለ፣ ሳቅ ብሎ፣
«መጋዘን አሥራ ሁለት፣ እስኪነጋ ስዞር።
እምምታ ያልሽው ኤሲው ነው።
በነሐሴ፣ በቆርቆሮ ክፍል፣ በስድስት ሰው ትንፋሽ፣
ብናጠፋው እኛ ጠፋን፤ ብንተወው ይዘፍናል።
ሙህዬ በመጨረሻ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ?
ማሲንቆውን በሱ ቃኘው።»

በሩን በትከሻው ገፋ፤ የውጪው ሙቀት
እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተለጠፈ።
«ሲትራም… አሠሪዋ ቤት ነው የቀዳችው፣ በስልኳ፣
ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከተሰጣው አንሶላ መሐል፤
ከግድግዳው ወዲያ
እውነትም ልጅ ተኝቶ ነበር።»

ቤቴ ገባሁ። ቤቴ ማለት አንድ አልጋና መጋረጃ።
አራተኛውን ከፈትኩ፤ አለቀ፤ ማዳመጫውን ነቀልኩ፤
እምምታው አላለቀም።
ከራስጌዬ በላይ፣ ያው ድምፅ፣ ያው ቅኝት፣
አምስት ዓመት ሙሉ ስተኛበት የኖርኩት።

ለአዘጋጁ ደወልኩ። «ማረሚያ? ሃያ ቃል» አለኝ።
ዛሬም እቆጥራለሁ፤ አንዴ ያንሳል፣ አንዴ ይተርፋል።
«ይመስለኛል»ን መልሼ አስገብቻለሁ።
ሰባተኛው ዘፈን ግን
አሁንም ይረዝማል።